ስለ ካሚዮን ሞተር ማቀዝቀዣ ውኃ፤ መመርመሩና መጠበቁ የባለቤቱ ግዴታ ስለ መሆኑ

በዛሬው ዘመን የእርሻ ሥራ ከበሬና ከማረሻ በቀር በናፍታ ካሚዮንም ላይ የተደገፈ መሆኑ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ማዳበሪያው በጅቡቲ ወደብ ከመርከብ ወርዶ፥ የአፋርን ቆላ አቋርጦ፥ ደጋውን ወጥቶ ወደ ወረዳው መጋዘን የሚደርሰው አብዛኛው በካሚዮን ነው፤ በባቡር የመጣውም ቢሆን ከጣቢያው ወዲያ ያለውን መንገድ የሚፈጽመው በዚሁ ነው። ስንዴውና ጤፉ ከአውድማ ወደ ገበያ ሲወርድም እንዲሁ ነው። እንግዲህ የመኸር ዘር በሚዘራበት በሰኔና በሐምሌ አንድ ካሚዮን በዳገት ላይ ተሰብሮ ቢቀር፥ የሚጐዳው ባለ ካሚዮኑ ብቻ ሳይሆን ማሳውን አለስልሶ የሚጠብቀው ገበሬ ሁሉ ነው፤ የዘር ጊዜ ካለፈ በኋላ የደረሰ ማዳበሪያ የሚሰጠው ጥቅም እጅግ ያነሰ ነውና።

የቀድሞ ሰው በቅሎውን ለሩቅ መንገድ ከመጫኑ በፊት ጀርባዋን ዳሶ፥ ኮቴዋን አይቶ፥ ውኃ አጠጥቶ ነበር የሚነሣ። የዛሬው ባለ ካሚዮን ግን የብዙ በቅሎዎች ዋጋ ያወጣበትን ሞተር ምን ዓይነት ውኃ እንደሚጠጣ አይጠይቅም። ነገሩ ለረዳቱ የተተወ ነው፤ ረዳቱም ጀሪካኑን ይዞ ከወንዝም ከቦይም ከጉድጓድም ያገኘውን ይጨምራል። ራዲያተሩ ሞልቶ ከታየ ሁሉ ደኅና ነው ይባላል። ይህ ልማድ ስሕተት መሆኑን፥ ስሕተቱም በኋላ በማን ላይ እንደሚጫን፥ አገር የሚያስተዳድሩ ሹማምንትና የእርሻ መኪና ያላቸው ባለ ይዞታዎች ሊያውቁት ይገባል።

ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ በ1893 እ.ኤ.አ. ፈቃድ ያገኘበት፥ በ1897 እ.ኤ.አ. ሠርቶ ያሳየው ሞተር አየሩን በኃይል አምቆ በማሞቅ ነዳጁን ያለ እሳት ብልጭታ የሚያቃጥል ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ ቢሆንም በካሚዮን ላይ የሚሠራው ዛሬም ከነዳጁ ሙቀት ከግማሽ የሚበልጠውን ወደ ሥራ ሊለውጠው አልቻለም። ይህ የተረፈ ሙቀት አንዱ ክፍል በጢስ ማውጫው ይወጣል፤ ሌላውን ክፍል በሲሊንደሮቹ ዙሪያ የሚዞረው ውኃ ተሸክሞ ወደ ራዲያተሩ ያደርሰዋል። ፓምፑ ይገፋዋል፥ ነፋስ ማራገቢያው ያበርደዋል፥ ቴርሞስታት የሚባለው በር ደግሞ ውኃው 82 ወይም 88 ዲግሪ ገደማ እስኪሞቅ ድረስ መንገዱን ይዘጋል። አንዳንድ መካኒኮች ሞተሩ ሲግል ይህን በር ነቅለው መጣላቸው የማይገባ ነገር ነው፤ ሞተር እጅግ መሞቁ እንደሚጐዳው ሁሉ ሁልጊዜ ቀዝቅዞ መሥራቱም ዘይቱን ያበላሸዋል፥ ነዳጁንም ያስበላዋል።

እዚህ ላይ ለአገራችን ልዩ የሆነ ጉዳይ አለ። ውኃ በባሕር ዳርቻ በጅቡቲ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ፥ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በጣርማ በር ደግሞ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የሞተሩ ውኃ በደኅና ጊዜ የሚሠራበት ሙቀት ከዚህ ብዙም የራቀ ስላልሆነ፥ ክፍት በሆነ ራዲያተር ውስጥ ያለ ተራ ውኃ ዳገቱን ሳይጨርስ ቢፈላ የሚያስደንቅ አይደለም። እንዳይፈላ የሚይዘው ራዲያተሩ ላይ ያለው ክዳን ነው። ክዳኑ በጠመዝማዛ ሽቦና በጎማ የተሠራ ሲሆን፥ በብዙ ካሚዮኖች ላይ እስከ 1 ባር የሚደርስ ግፊት በውስጥ ያምቃል፤ 1 ባር ሙሉ ሲይዝም በአዲስ አበባ ከፍታ ተራው ውኃ እንኳ ሳይፈላ እስከ 116 ዲግሪ ገደማ ሊደርስ ይችላል። ጎማው የተሰነጠቀ ወይም ሽቦው የላላ ክዳን ግን ይህን ሁሉ ያስቀራል። በክዳኑ ፈንታ ጨርቅ ጠቅልሎ ወይም ላስቲክ ደርቦ የሚሄድ ካሚዮን ሲታይ፥ የባለቤቱን ቁጠባ ሳይሆን የባለቤቱን አለማወቅ ያሳያል።

በውኃው ላይ የሚጨመረው ፈሳሽ ኤቲሊን ግላይኮል የሚባለው ነው። የውጭ አገር ሰዎች ፀረ በረዶ ብለው ስም ስላወጡለት፥ አያሌ ሰዎች «በአገራችን ውኃ የሚያረጋ ብርድ የለም፤ እንግዲህ ለምን ገንዘብ እናወጣለን?» ይላሉ። ነገሩ እውነት ይመስላል። በደብረ ብርሃንና በመሳሰለው ደጋ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጭ መውደቁን፥ አዝመራም ማቃጠሉን ገበሬው ያውቃል፤ ነገር ግን ይህ ብርድ ስለ በረዶ ብቻ ብሎ ካሚዮንን ሁሉ ግላይኮል ለማስሞላት በቂ ምክንያት አይሆንም። ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለው ፈሳሽ እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሳይረጋ የሚቆይ በመሆኑ፥ ይህን ያህል መከላከያ ማንም በኢትዮጵያ አይፈልገውም። ስሙ አሳሳተ እንጂ የፈሳሹ ዋና ጥቅም ሌላ ነው። አንደኛው የመፍላቱን ልክ 8 ዲግሪ ያህል ከፍ ማድረጉ ነው። ሁለተኛውና የሚበልጠው ግን ከግላይኮሉ ጋር ተዋሕዶ የሚገኘው ብረትን ከዝገትና ከመበሳት የሚጠብቀው መድኃኒት ነው።

ስለ መበሳት የተነገረው ለብዙ ሰው አዲስ ነገር ስለሚሆን ሰፋ አድርጎ ማስረዳት ያሻል። በአብዛኞቹ ከባድ የናፍታ ሞተሮች ፒስቶኑ የሚመላለስበት የብረት ቱቦ በውጭ በኩል በቀጥታ ከውኃው ጋር የተገናኘ ነው። ነዳጁ በተቃጠለ ቁጥር ፒስቶኑ የቱቦውን ጎን ይመታዋል፤ ቱቦውም እንደ ደወል ይንቀጠቀጣል። ሲንቀጠቀጥ ከውኃው ለቅጽበት ስለሚሸሽ በመካከሉ ጥቃቅን የእንፋሎት አረፋዎች ይፈጠራሉ፤ ወዲያው ሲመለስ እነዚያ አረፋዎች ብረቱ ላይ ይፈነዳሉ። የአንዱ አረፋ ኃይል ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ይህ በደቂቃ ብዙ መቶ ጊዜ፥ በወር ደግሞ ለቍጥር በሚያዳግት መጠን ሲደጋገም፥ ጠብታ ድንጋይን እንደሚበሳ ብረቱን ይበሳዋል። ቀዳዳው የመርፌ ጫፍ ቢያክል እንኳ ውኃው ወደ ዘይቱ ይገባል፤ ዘይቱም ወተት መስሎ ይነጣል፥ ማለስለሱንም ይተዋል፥ ዋናው ዘንግ ከነማረፊያው ይበላል። በመጨረሻ ሞተሩ ሲቆም ሾፌሩም ባለቤቱም «ድንገት ተበላሸ» ይላሉ። ድንገት የተበላሸ ግን ምንም የለም።

ይህን የሚከለክለው ናይትራይትና ሞሊብዴት የሚባሉት ቅመሞች በብረቱ ላይ የሚያለብሱት ስስ ሽፋን ነው። አረፋው የሚመታው ሽፋኑን ይሆናል፤ ሽፋኑም ሲላጥ ቅመሙ መልሶ ያለብሰዋል። ስለዚህ ቅመሙ በሥራ ላይ እያለቀ ይሄዳል ማለት ነው። ፈሳሹ መልኩ አልተለወጠም፥ ልኩም አልጐደለም፥ መድኃኒቱ ግን አልቋል፤ በዓይን ማየት ብቻ የማይበቃውና መመርመር የሚያሻው ስለዚህ ነው። የበዛ ይሻላል ብሎ አብዝቶ የሚጨምርም አልተጠቀመም፤ ቅመሙ ከልኩ ሲያልፍ እንደ ሙጫ ረግቶ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል። ግላይኮሉን ራሱንም ከ60 ከመቶ በላይ ማድረግ በቆላ ለሚሠራ ካሚዮን ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም፤ ሙቀትን ተሸክሞ በማድረስ ተራ ውኃ ከግላይኮል ይበልጣልና።

ውኃ በመጨመር የሚደርሰውን ጉዳት በሒሳብ ማየት ይቻላል። 40 ሊትር የሚይዝ ሞተር ግማሹ ግላይኮል ሆኖ ሳለ፥ ከላላ ቱቦ 4 ሊትር ቢፈስስና ረዳቱ 4 ሊትር ተራ ውኃ ቢተካ፥ ግላይኮሉ ከ50 ወደ 45 ከመቶ ይወርዳል። ይህ አምስት ጊዜ ቢደጋገም ወደ 30 ከመቶ ገደማ ይደርሳል፤ ቅመሙም በዚያው ልክ ይቀንሳል። አምስት ጊዜ መጨመር ደግሞ ቱቦው ካልተጠበቀ የአንድ ወር ሥራ እንኳ ላይሆን ይችላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ቁጠባ ነው፤ የቱቦ ማሰሪያ ያልገዛ ሰው ሞተር ይገዛል።

የውኃው ዓይነትም ሌላ ጉዳይ ነው። በድሬዳዋ የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጡ እንደ ኖራ ነጭ ድንጋይ ለብሶ ሲታይ፥ ያው ውኃ በሞተር ውስጥ ምን እንደሚሠራ ለመገመት አያስቸግርም። ድንጋዩ ሙቀትን እንደ ብረት አያሳልፍም፤ ውኃው ሳይግል ብረቱ ይግላል፥ ሾፌሩ የሚያየው መለኪያም እውነቱን አይነግረውም። በስምጥ ሸለቆ ያለው የጉድጓድ ውኃ ብዙው ጨዋማ ስለ ሆነ ዝገትን ያፋጥናል። ከታወቁት ሞተር ሠሪዎች የአንዳንዶቹ መመሪያ በ1 ሊትር ውኃ የድንጋይነቱ መጠን ከ170 ሚሊግራም፥ ክሎራይዱ ከ40፥ ሰልፌቱ ከ100 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ያዝዛል። ወረዳው ይህን የሚለካበት መሣሪያ ባይኖረው፥ የተጣራ ውኃ ገዝቶ ማስቀመጥ ይበቃዋል። ለባትሪ መሙያ ተብሎ የሚሸጠው የተጣራ ውኃ ለዚህ ይሆናል፤ ነገር ግን ለባትሪ ከሚሸጠው አሲድ ጋር እንዳይደናገር ጽሑፉን ማንበብ ያስፈልጋል። ይህ በማይገኝበት ገጠር በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ከጉድጓዱ ይሻላል።

ምርመራው እንደሚወራለት የሚከብድ አይደለም። ሞተሩ በበረደ ጊዜ ክዳኑ ይከፈትና በመጀመሪያ በዓይን ይታያል፤ ዝገት፥ ጭቃ ወይም የዘይት ቅባት በላዩ ቢንሳፈፍ፥ ሌላ ሳይመረመር ወደ መካኒክ የሚያስኬድ ነው። ቀጥሎ የመመርመሪያው ወረቀት በፈሳሹ ይነከርና በዕቃው ላይ የተጻፈውን ያህል ሰኮንድ ተጠብቆ ከቀለሙ ሰሌዳ ጋር ይተያያል። ወረቀቱ ቀኑ ያለፈበት ወይም እርጥበት የነካው እንዳይሆን፥ ንባቡም በፋኖስ ሳይሆን በቀን ብርሃን እንዲሆን መጠንቀቅ ነው። የግላይኮሉን መጠን ለማወቅ ከሁሉ የሚታመነው ሪፍራክቶሜትር የሚባለው መነጽር ነው፤ አንድ ጠብታ በመስተዋቱ ላይ አድርጎ ወደ ብርሃን ማየት ነው። ተንሳፋፊው መለኪያ በሙቀትና በግላይኮሉ ዓይነት ስለሚሳሳት እንደ መነጽሩ አይታመንም። ለሻይ ሰዓት በማይበቃ ጊዜ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ዘይት በሚለወጥበት ጊዜ ሁሉ ቢደረግ፥ ይልቁንም የማዳበሪያው ጭነት ከመጀመሩ በፊት ሳይታለፍ ቢደረግ መልካም ነው።

ይኸው መነጽር ሌላ ጥቅም አለው። በቀለም የነገደ ውኃ ኩላንት ተብሎ ቢሸጥ ገዢው በመልኩ ሊለየው አይችልም፤ አንድ ጠብታ በመነጽሩ ቢታይ ግን ውኃ ውኃነቱን ወዲያው ይናገራል። ቀለም ራሱ ማስረጃ አይደለም፤ አረንጓዴውም፥ ቀዩም፥ ብርቱካኑም እንደ ሠሪው ፈቃድ የሚቀባ እንጂ ዓይነቱን የሚወስን ሕግ የለውም። ለከባድ ሞተር የሚሆነው በዕቃው ላይ ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ዲ 6210 የሚል ወይም የሞተሩ ሠሪ በመጽሐፉ የፈቀደው ነው። በኦርጋኒክ አሲድ የተሠራው አዲሱ ዓይነት ከቀድሞው እጅግ ብዙ ጊዜ ይቈያል፤ ናይትራይት የሌለውም አለና ለእርሱ የቀድሞው የመመርመሪያ ወረቀት አይሆንም። ሁለቱን ማደባለቅ ደግሞ የሁለቱንም ጥቅም ማጕደል ነው።

በአርሲና በባሌ የስንዴ አገር በትራክተርና በአጫጅ መኪና የሚሠሩ ባለ ይዞታዎች አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያሻቸዋል። በአጨዳ ጊዜ ገለባውና እብቁ የራዲያተሩን ቀዳዳ ይሞላዋል፤ ፈሳሹ ምንም ያህል ደኅና ቢሆን ነፋስ የማይገባበት ራዲያተር አያበርድም። በየማታው በነፋስ ወይም በውኃ፥ ከውስጥ ወደ ውጭ በኩል፥ መጥረግ ይገባል።

ሹማምንት በተለይ ሊያስቡበት የሚገባው ግን የፍርድ ነገር ነው። ሞተር በተቃጠለ ጊዜ ባለቤቱ የሾፌሩን ደመወዝ መያዝ፥ አልፎም ዋስ መጥራት በብዙ ስፍራ የተለመደ ሆኗል። ክርክሩ ከሹም ወይም ከሽማግሌ ፊት ሲቀርብ የሚጠየቀው «ማን ይነዳው ነበር?» የሚል ብቻ ነው። ይህ ጥያቄ ግን አይበቃም። የተበሳ ቱቦ መበሳት የጀመረው ከብዙ ወራት በፊት፥ ምናልባትም ሌላ ሾፌር በነበረበት ጊዜ ነው፤ ፈሳሹን ገዝቶ ያልሰጠ ባለቤት፥ መመርመሪያ ያልሰጠ መሥሪያ ቤት፥ በሾፌሩ ደመወዝ ሊከፈል አይገባውም። በሌላ ወገን የሙቀት መለኪያው ቀዩን ሲነካ እያየ «እስከ ከተማው ልድረስ» ብሎ የነዳ ሾፌር ጥፋቱ የራሱ ነው፤ በዚህ ላይ ለሾፌር ማዘን ለንብረት አለማዘን ይሆናል። ሁለቱን ለመለየትም ይቻላል፤ ሞተሩ ሲፈታ በቱቦው ጎን ላይ ከላይ ወደ ታች ተሰልፈው የሚታዩ ጥቃቅን ጕድጓዶች ሲገኙ ጥፋቱ ለብዙ ጊዜ ያልተጠበቀ ፈሳሽ ነው፤ ቴስታታው ጎብጦ ወይም ተሰንጥቆ ቱቦው ግን ደኅና ሆኖ ሲገኝ፥ ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ውኃ አጥቶ ወይም ግሎ እያለ መነዳቱን ያሳያል። ስለዚህ ዳኛ የሚሆኑት ሁሉ መካኒኩ የፈታውን ብረት በዓይናቸው ሳያዩ፥ የካሚዮኑንም መዝገብ ሳይጠይቁ፥ በደመወዝ ላይ ባይፈርዱ የተሻለ ነው።

ያ መዝገብም ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ቀኑ፥ የተነዳው ኪሎሜትር፥ የግላይኮሉ ከመቶ መጠን፥ የወረቀቱ ንባብ፥ የተጨመረው ሊትርና የጨመረው ሰው ስም ከተጻፈ በቂ ነው። የመንግሥት ካሚዮን ባለበት ወረዳ ይህ መዝገብ ከነዳጁ መዝገብ ጋር አብሮ ቢያዝ፥ ናፍታ የሚፈርመው ሹም ይህንንም ሳያይ ባይፈርም፥ ነገሩ ያለ ብዙ ጭቅጭቅ ይስተካከላል። ነዳጅ እንዳይሰረቅ የሚደረገው ጥበቃ ከፍ ያለ ሆኖ ሳለ፥ ሞተሩ ራሱ ቀስ በቀስ ሲበላ የሚጠብቀው አለመኖሩ የሚገርም ነው።

የቀረው የሰውና የከብት ደኅንነት ነው። የጋለ ራዲያተር ክዳን መክፈት ብዙ ረዳቶችን ፊታቸውንና እጃቸውን አቃጥሏል፤ እስኪበርድ መጠበቅ ግድ ነው፥ አለቃውም «ቶሎ በል» ብሎ ማጣደፍ የለበትም። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋትም ቴስታታውን ይሰነጥቀዋል። ኤቲሊን ግላይኮል ደግሞ ጣፋጭ መርዝ ነው፤ 100 ሚሊሊትር ያህል ሙሉ ሰውን ሊገድል ይችላል፥ ለሕፃንና ለውሻ ከዚያ እጅግ ያነሰው ይበቃል። አሮጌውን ፈሳሽ በምንጭ ዳር፥ በጉድጓድ አጠገብ ወይም ከብት በሚጠጣበት ስፍራ መድፋትን ሹማምንት በጥብቅ ሊከለክሉ፥ በተከደነ በርሜል ተጠራቅሞ እንዲቈይም ሊያዝዙ ይገባል። ግላይኮል የነበረበት ጀሪካን ታጥቦ ወደ ቤት እየተወሰደ የመጠጥ ውኃና ጠላ ማኖሪያ እንዳይሆንም፥ ባዶ በሆነ ቀን ረዳቱ እጅ ሳይገባ በቢላዋ መቀደድ አለበት።